ሴቭድ ሜሴጅ ብቻውን አይበቃም፦ «ቴሌግራም ካለ ሃርድ ዲስክ ለምኔ?» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን «ቴሌግራም ካለ ሃርድ ዲስክ ለምኔ?» የሚል ጽሑፍ ከቻናል ቻናል እየተዘዋወረ ነው። ለእኔም ደርሶኛል፤ የላከችልኝ ዘመዴ «እንግዲህ ያን ገመዳም ሳጥንህን ጣለው» የሚል ምርቃት አክላበታለች። ጽሑፉ በጥሩ አማርኛ የተጻፈ፣ ለማንም የሚገባና ደረጃ በደረጃ የሚያስረዳ ነው። ምላሽ ለመስጠት የተነሣሁትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ሰው አንብቦ አያልፈውም፣ የተባለውን ያደርጋል።

በቅድሚያ የጸሐፊውን ሐሳብ ሳላዛባ ላስቀምጥ። አንደኛ፣ ቴሌግራም ያለ ገደብ በነጻ ስለሚያስቀምጥ ለጎግል ወይም ለአይክላውድ በዶላር መክፈል ኪሳራ ነው ይላሉ። ሁለተኛ፣ ሃርድ ዲስክና ፍላሽ ይበላሻሉ፣ ትልቅ ኩባንያ ግን ፋይል አያጠፋም። ሦስተኛ፣ ስልክ ቢጠፋ ወይም ቢሰረቅ ቁጥራችንን አስገብተን ሁሉንም መልሰን እናገኛለን። አራተኛ፣ ቴሌግራም የተመሰጠረ ስለሆነ ፓስፖርትና መታወቂያ ሳይቀር በሰላም ይቀመጥበታል። አምስተኛ፣ የግል ቻናል ከፍቶ ቤተሰቡን ማስገባት ከየትኛውም አልበም ይሻላል። መጨረሻ ላይ ደግሞ አንድ ምክር አለ፦ ፎቶና ቪዲዮዎቻችሁን ወደ ሴቭድ ሜሴጅ (ቴሌግራም ውስጥ ለራሳችን ወደምንልክበት ቻት) ላኩ፣ ከዚያ የስልካችሁ ቦታ እንዲለቀቅ ከጋለሪ አጥፏቸው።

ከዋጋው ልጀምር። እዚህ ላይ ጸሐፊው እውነተኛ ችግር ነክተዋል። ጎግል በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ነው፤ እሱንም ጂሜይል፣ ድራይቭና ፎቶስ ይሻሙበታል። አይክላውድ ከ5 ጊጋባይት አያልፍም። ከዚያ በላይ ለሚፈልግ የጎግል 100 ጊጋባይት በወር 2 ዶላር ገደማ ነው። ገንዘቡ ትንሽ ቢመስልም የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በብር ሲሰላ ከእጥፍ በላይ ጨምሯል። ከዚያም በላይ ብዙው ሰው በዶላር የሚከፍልበት ካርድ የለውም፤ በየወሩ ውጭ ያለ ዘመድን «እባክህ የጎግሏን ክፈልልኝ» ማለት ደግሞ ያሳቅቃል። ቴሌግራም እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል፣ ፕሪሚየም ለሚከፍል እስከ 4፣ ይቀበላል፤ በጠቅላላ ስንት ጊጋባይት እንዳከማቸን አይጠይቅም። ይህን መካድ አይቻልም።

የማልስማማው ዛሬ ያለው ነገም እንደሚኖር አድርገው በመጻፋቸው ነው። ጎግል ፎቶስ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲጀመር በመጠኑ የተጨመቁ ፎቶዎችን ያለ ገደብ በነጻ ይቀበል ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ ዓለም ጫነበት። ከጁን 1 ቀን 2021 ጀምሮ ግን እያንዳንዱ አዲስ ፎቶ ከ15 ጊጋባይቱ ላይ መቆጠር ጀመረ። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2014 ለኦፊስ 365 ደንበኞቹ ዋንድራይቭ በሚባለው የፋይል ማከማቻው ላይ ገደብ የሌለው ቦታ ቃል ገብቶ፣ በዓመቱ «አንዳንዶች ከ75 ቴራባይት በላይ ጭነዋል» ብሎ ሰረዘው፤ እነዚያ ደግሞ እየከፈሉ የሚጠቀሙ ሰዎች ናቸው። የፎቶ ማስቀመጫ ድረ ገጹ ፍሊከር እ.ኤ.አ. በ2013 ለሁሉም 1 ቴራባይት በነጻ ሰጥቶ ነበር፤ በ2018 ባለቤቱ ሲቀየር ነጻ ተጠቃሚዎች ከ1,000 ፎቶ በላይ እንዳይዙ ወሰነ፣ ትርፉንም እንደሚያጠፋ አሳወቀ። እነዚህ ኩባንያዎች ክፉ ስለሆኑ አይደለም። ዲስኩም፣ መብራቱም፣ ሠራተኛውም ገንዘብ ይፈልጋል፤ ከተጠቃሚው ካልተገኘ ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት፣ ከሌላ ቦታ መምጣቱ ያቆመ ቀን ደንቡ ይቀየራል። ቴሌግራም ከዚህ ሕግ የሚያመልጥበትን ምክንያት ጸሐፊው አልነገሩንም።

ደግሞም ነጻነቱ እስከ ዳታው ድረስ ነው። ዛሬ ካሜራማኖች በፎርኬ (4K) ጥራት ስለሚቀርጹ የአንድ ሰርግ ቪዲዮ 40 ጊጋባይት ቢሆን አይገርምም። እሱን ከ2 ጊጋባይት በታች እየቆራረጡ መጫን 40 ጊጋባይት ዳታ ይበላል፤ መልሶ ማውረድም ሌላ 40። አንድ ዋይፋይ የሌለው ቤት ለዚህ የሚያወጣው የጥቅል ሒሳብ ከአንድ መካከለኛ ፍላሽ ዋጋ ጋር ቢነጻጸር ጥሩ ነበር።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ስንመጣ፣ ሃርድ ዲስክ ይበላሻል በሚለው ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ እንዲያውም ጸሐፊው አሳንሰውታል። ፋይል እየተገለበጠ መብራት ይሄዳል፤ ልጅ ገመዱን ይጎትትና ዲስኩ ከጠረጴዛ ይወድቃል። በየገበያው በርካሽ የሚሸጡት «1 ቴራባይት» ፍላሾች ደግሞ የራሳቸው ጉድ አላቸው። ውስጣቸው ያለው ቺፕ 32 ወይም 64 ጊጋባይት ሆኖ ሳለ ኮምፒውተሩን «1 ቴራባይት ነኝ» ብሎ እንዲዋሽ ተደርጎ የተሠራ አለ። እውነተኛው ቦታ እስኪያልቅ ሁሉም ሰላም ነው። ከዚያ በኋላ የሚገለበጠው ፋይል ስሙ ይታያል፣ መጠኑም ይታያል፣ ሲከፈት ግን ውስጡ የለም። ፍላሽ የሚገዛ ሰው ትክክለኛ መጠኑን በሚፈትሹ ነጻ ፕሮግራሞች ሳይሞክር የልጁን ክርስትና ባይጭንበት ይሻላል።

ይህ ሁሉ ግን ትልቅ ኩባንያ ፋይል እንደማያጠፋ አያረጋግጥም። ማይስፔስ በዘመኑ ከዓለም ትልቁ የማኅበራዊ ድረ ገጽ ነበር። ሰርቨር ሲያዛውር እ.ኤ.አ. ከ2015 በፊት የተጫኑ፣ የ12 ዓመት ሙዚቃዎች፣ ፎቶዎችና ቪዲዮዎች እንደጠፉ በ2019 አመነ። ብዙ ሙዚቀኞች ሌላ ቅጂ አልነበራቸውም።

ከዚህም የሚብስ አለ። የደቡብ ኮሪያ መንግሥት ለሠራተኞቹ ጂ-ድራይቭ የሚባል ክላውድ (በኢንተርኔት የሚደረስበት የፋይል ማከማቻ) አዘጋጅቶ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ 30 ጊጋባይት። የሥራ ፋይሎችን በቢሮ ኮምፒውተር ሳይሆን እዚያ ላይ እንዲያስቀምጡም ታዘዙ። በሴፕቴምበር 2025 ዴጆን ከተማ በሚገኘው የመንግሥት የመረጃ ማዕከል ከባትሪ የተነሣ እሳት ተቀሰቀሰ፤ 858 ቴራባይት የሚሆነው የጂ-ድራይቭ መረጃ ወደመ። መጠኑ በጣም ትልቅ ስለሆነ ሌላ ቦታ መጠባበቂያ ቅጂ አልተያዘለትም ነበር። ኮሪያ በቴክኖሎጂ ከማን ታንሳለች? ሠራተኞቹ የተነገራቸው ነገር ከዚህ ጽሑፍ ምክር ጋር አንድ መሆኑን ልብ ይሏል፦ እዚያ አስቀምጡ፣ እናንተ ዘንድ አታስቀሩ።

ፋይል የሚጠፋው በእሳትና በብልሽት ብቻም አይደለም። ሜጋአፕሎድ የሚባለውን የፋይል ማጋሪያ ድረ ገጽ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፤ በእኛም አገር ፊልም ያላወረደበት ወጣት ጥቂት ነው። በጃንዋሪ 2012 የአሜሪካ መንግሥት በቅጂ መብት ጥሰት ከስሶ ሲዘጋው፣ ከተሰረቀው ፊልም ጋር የሰው የግል ፋይልም አብሮ ተቆለፈ። አንድ በኦሃዮ የትምህርት ቤት ስፖርት ውድድሮችን እየቀረጸ የሚተዳደር ሰው ቪዲዮዎቹን ለመጠባበቂያ እዚያ አስቀምጦ ነበር። የራሱ ሃርድ ዲስክ የተበላሸው ሜጋአፕሎድ ከመዘጋቱ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ነው። ንብረቱን ለማስመለስ ዓመታት የወሰደ የፍርድ ቤት ሙግት ውስጥ ገባ። ይህ ሰው ለጸሐፊውም ለእኔም ምስክር ሊሆን ይችላል፤ ዲስኩም ክላውዱም በአንድ ሳምንት ከድተውታል።

አንዳንዴ ደግሞ ፋይሉ ሳይጠፋም አይገኝም። በየካቲት 2015 ዓ.ም. አገራችን ውስጥ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቲክቶክና ቴሌግራም ተገድበው ለአምስት ወር ገደማ ያለ ቪፒኤን አልከፈት አሉ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ወራት አስቆጠረ። በእነዚያ ወራት የተማሪነት ማስረጃውን፣ የእናቱን ፎቶ ወይም የቤቱን ካርታ ሴቭድ ሜሴጅ ላይ ብቻ ያስቀመጠ ሰው ፋይሉ አለው ወይስ የለውም?

ሦስተኛው ነጥብ ላይ ቆየት እላለሁ፤ ሰው በእውነት የሚጎዳው እዚህ ነውና። «ቁጥራችንን አስገብተን ሁሉንም እናገኘዋለን» የሚለው አዲስ አበባ ለሚኖር፣ መታወቂያው በእጁ ላለ፣ ሲም ካርዱም በስሙ ለተመዘገበ ሰው እውነት ነው። ስልኩ ቢሰረቅ ቴሌ ሄዶ ያንኑ ቁጥር በአዲስ ሲም ያስወጣል፣ የማረጋገጫ ኮዱ ይደርሰዋል፣ ይገባል። እስማማለሁ።

አሁን ደግሞ ከአራት ዓመት በፊት ወደ ቤሩት ወይም ወደ ሪያድ የሄደች እህታችንን እናስብ። ቴሌግራሟን የከፈተችው በኢትዮጵያ ቁጥሯ ነው። እዚያ ስትደርስ የአገሩን ሲም አስገባች፤ ቴሌግራሙ ግን አንዴ ከተከፈተ ሲሙ ባይኖርም መሥራቱን ስለሚቀጥል ምንም የጎደለ ነገር አልታያትም። ለረጅም ጊዜ ያልተሞላና ያልተደወለበት የኢትዮጵያ ቁጥሯ ግን ተዘግቶ ለሌላ ደንበኛ ተሽጧል። አንድ ቀን ስልኳ ይሰበራል፣ ወይም አሠሪዋ ይቀሟታል። አዲስ ስልክ አግኝታ ቁጥሯን ስታስገባ ኮዱ የሚሄደው ደብረ ብርሃን ወይም ጅማ ላለ፣ ጨርሶ ለማታውቀው ሰው ነው።

የባሰው ገና ነው። ያ ሰው አዲስ በገዛው ቁጥር ቴሌግራም ሊከፍት ሲሞክር፣ እሷ ተጨማሪ የይለፍ ቃል ካላደረገች፣ የሚገባው በእሷ አካውንት ውስጥ ነው። የአራት ዓመት ፎቶዋ፣ ለእናቷ የላከችው ድምፅ፣ የፓስፖርቷ ቅጂ ሁሉ ፊቱ ይዘረገፋል። ሰውየው ጨዋ ከሆነ ይወጣል። ካልሆነስ?

ውጭ ያላችሁና በአሮጌ ቁጥር ቴሌግራም የምትጠቀሙ ሰዎች አሁኑኑ ማድረግ የምትችሉት ነገር አለ። ስልኩ በእጃችሁ እያለ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ቁጥሩን አሁን ወደምትይዙት ቀይሩት፤ ቻቱም ፋይሉም አብሮ ይሄዳል። ቀጥሎ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን (ያን ተጨማሪ የይለፍ ቃል) አብሩና የማገገሚያ ኢሜይል ጨምሩ። ኢሜይሉን እንዳትዘሉት። የይለፍ ቃሉን ረስቶ ኢሜይል ያላስገባ፣ ቴሌግራሙም በሌላ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ ያልተከፈተለት ሰው፣ የሚቀርለት መንገድ ሰባት ቀን ጠብቆ አካውንቱን እንደ አዲስ መክፈት ነው፤ በዚያ ውስጥ ደግሞ የነበረው ሁሉ ይጠፋል።

ጸሐፊው ጨርሶ ያላነሡት አንድ ደንብ አለ። ቴሌግራም ለረጅም ጊዜ ያልተከፈተ አካውንትን ከነመልእክቱና ከነፋይሉ በራሱ ጊዜ ያጠፋል። ሴቲንግ ውስጥ፣ ፕራይቬሲ የሚለው ስር፣ ታች ላይ ታገኙታላችሁ። ተጠቃሚው ካልቀየረው በስተቀር ጊዜው ለዓመታት 6 ወር ነበር፤ በኋላ ወደ 18 ወር ተራዝሟል። አሁን ይህን ከታሪካችን ጋር አያይዙት። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ትግራይ ውስጥ የስልክና የኢንተርኔት ግንኙነት ለሁለት ዓመት ያህል ተቋርጦ ነበር። 6 ወሩ በሚሠራበት በዚያ ዘመን፣ ደንቡ እንደተጻፈው ከተፈጸመ፣ መቀሌ ወይም አክሱም ተቀምጦ ሴቲንጉን ያልነካ ሰው ኢንተርኔት ሲመለስለት ሴቭድ ሜሴጁ ሊጠብቀው አይችልም። የሞተ ሰው አካውንትም እንደዚያው ነው። ለነገሩ ጎግልም ሁለት ዓመት ያልተከፈተ አካውንትን ከእ.ኤ.አ. 2023 መጨረሻ ጀምሮ ሊያጠፋ ይችላል፤ ሆኖም ባለቤቱ ድንገት ቢጠፋ ፋይሉ ለማን እንደሚሰጥ አስቀድሞ እንዲሰይም ያስችለዋል።

ስለ ምስጠራው አጭር ማስተካከያ። ቴሌግራም ላይ ካሉት ቻቶች ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ማለትም ኩባንያው ራሱ እንኳ ሊከፍተው በማይችል መንገድ፣ የተመሰጠረው ሲክሬት ቻት ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ በሁለቱ ሰዎች ስልክ ላይ እንጂ ክላውድ ላይ አይቀመጥም። ሴቭድ ሜሴጅ የክላውድ ቻት ነው። በመንገድና በሰርቨር ላይ ይመሰጠራል፣ ቁልፉ ግን ኩባንያው ዘንድ ነው። በየትኛውም ስልክና ኮምፒውተር ስንገባ ፋይላችን የሚመጣልንም በዚሁ ምክንያት ነው። ይህ ማለት የቴሌግራም ሠራተኛ ፎቶዎቻችንን እያገላበጠ ነው ማለት አይደለም፤ እንዲህ ብዬ የማስፈራራበት ማስረጃ የለኝም።

በእኔ ግምት ለብዙዎቻችን አደጋው ከኩባንያው ይልቅ የሰፈሩ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ሰው ፓስፖርቱን ወይም ፋይዳውን ለማሳተም ወደ ሱቁ የቴሌግራም ቁጥር ይልካል፣ ወይም ደግሞ በሱቁ ኮምፒውተር ላይ የራሱን ቴሌግራም ከፍቶ ያትምና ሳይዘጋ ይወጣል። አንዱ ሱቅ ውስጥ ተራዬን ስጠብቅ ስክሪኑን አየሁት፦ ከላይ እስከ ታች የደንበኞች ቻት፣ በእያንዳንዱ ቻት ላይ ትንሽ የመታወቂያ ምስል፣ የሴቶች ጉርድ ፎቶ፣ የባንክ ደብተር የፊት ገጽ። ልጁ የኔን ፋይል ሲፈልግ የሌላ ሰው የጋብቻ ምስክር ወረቀት ከፈተ፤ «ይቅርታ» ብሎ ዘጋው። ቴሌግራም ላይ ሰነድ የሚያስቀምጥ ሰው ሴቲንግ ውስጥ ዲቫይስስ የሚለውን ከፍቶ የት የት ተከፍቶ እንደቀረ ቢያይ አይከፋም። የማያውቀውን ዊንዶውስ ኮምፒውተር እዚያ ዝርዝር ውስጥ ያላገኘ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም ብል ብዙም አላጋነንኩም።

በአምስተኛው፣ በቤተሰብ ቻናሉ፣ ጸሐፊው ትክክል ናቸው። አንድ ሰርግ ባሕር ዳር ተደርጎ ዋሽንግተንና ቴል አቪቭ ያሉ ዘመዶች በዚያው ቀን ሲያዩት ደስ ይላል፤ ሃርድ ዲስክ ይህን አያደርግም። በጥቂት ቀናት ጊዜያቸው ከሚያልፍባቸው ሌሎች የፋይል መላኪያ ሊንኮችም ይሻላል። ቢያንስ ሁለት አስተዳዳሪ ይኑረው ከማለት በቀር የምጨምረው የለኝም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የፎቶ ባለሙያዎች ለዓመታት የሚመክሩት ቀላል ደንብ አለ፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት መያዣ ላይ፣ አንዱ ከቤት ውጪ። ለእኛ ኑሮ ሲተረጎም አንዱ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ፣ አንዱ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ ሦስተኛው ደግሞ ክላውድ ላይ ማለት ነው። ሦስተኛው ቴሌግራም ቢሆን አልቃወምም። ለሁሉም ፎቶ ማድረግ የማይችል ሰው በዓመት አንዴ መተካት የማይችላቸውን መቶ ሁለት መቶ ፎቶዎች መርጦ ለእነሱ ብቻ ያድርግ፤ ሁለት ጊጋባይት እንኳ አይሞሉም። ቴሌግራም ዴስክቶፕ ላይ ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ኮምፒውተር የሚያወርድ ኤክስፖርት የሚል አማራጭ መኖሩንም ጸሐፊው ቢጠቅሱት ጽሑፋቸው ሙሉ በሆነ ነበር።

የቀረው ያ የመጨረሻ ምክር ነው፤ ከአምስቱም ነጥቦች የበለጠ የሚያስጨንቀኝም እሱ ነው። በተለመደው መንገድ እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ቴሌግራም ውስጥ ሲገባ ይቀነሳል። አንድ ተራ የስልክ ካሜራ 4,000 በ3,000 ፒክስል፣ ማለትም 12 ሚሊዮን ነጥብ ያለው ፎቶ ያነሣል። ወደ ሴቭድ ሜሴጅ ሲላክ ረጅሙ ጎኑ ወደ 1,280 ይወርዳል፤ 1,280 በ960 ሆኖ ከዋናው ከአሥር አንድ እጅ ገደማ ይቀራል። ስልክ ስክሪን ላይ ልዩነቱ አይታይም። ሳሎን ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ክፈፍ ይታተም ሲባል ግን በጥራት የሚታተመው እስከ 11 ሳንቲሜትር ገደማ ስፋት ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ፊቱ ይደበዝዛል። ፎቶው ውስጥ ተደብቀው የነበሩት የተነሣበት ቀንና ቦታም አብረው ይጠፋሉ። የ2009 ዓ.ም. ጥምቀት ዛሬ ሲወርድ ጋለሪው ዛሬ እንደተነሣ አድርጎ ይደረድረዋል። ይህን ለማስቀረት ምስሉን እንደ ፋይል መላክ ይበቃ ነበር፤ ጽሑፉ ግን ይህን ልዩነት በአንድም ቦታ አያነሣም።

ስለዚህ ምክሩን ቃል በቃል የፈጸመ ሰው ዋናውን አጥፍቶ ቅናሹን ይዞ ቀርቷል፤ ያንን ያወቀ ጊዜ ደግሞ ጋለሪው ባዶ ነው። በዋጋውና በምስጠራው ላይ መከራከራችንን መቀጠል እንችላለን። «ከጋለሪ አጥፏቸው» የምትለዋን መስመር ግን ጸሐፊው ዛሬውኑ ከጽሑፋቸው ቢያወጡልን፣ ጽሑፉን ያጋሩትም ቻናሎች እርማቱን ቢያጋሩ እጠይቃለሁ።